እናቴ ዋሽንግተን ለመድረስ ስንት ሰዓት ትቀመጣለች? ከፍኖተ ሰላም ለመጣ ጥያቄ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄው ከፍኖተ ሰላም የመጣ ነው። አሳጥሬ ላስቀምጠው።

«እናቴ 67 ዓመቷ ነው። በታኅሣሥ እህቴ ጋ ዋሽንግተን ትሄዳለች፣ በሚያዝያ ትመለሳለች። ከባሕር ዳር አዲስ አበባ፣ ከዚያ ዋሽንግተን ነው። ርቀቱን ስልኬ ላይ ስፈልግ አንዱ ቦታ 11,560 ይላል፣ አንዱ 7,185፣ አንዱ ደግሞ 6,240። የበረራውን ሰዓት 13 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ይላል። ትኬቱ ላይ ግን ከአዲስ አበባ 22:30 ተነስታ በማግሥቱ 07:30 ትደርሳለች። ይህ 9 ሰዓት ነው። ስትመለስ 11:00 ተነስታ በማግሥቱ 07:00 ነው የምትገባው። 20 ሰዓት! የስኳር መድኃኒት ስለምትወስድ ስንት ሰዓት እንደምትቆይ በትክክል ማወቅ አለብኝ። የቱን ልመን?»

ወንድሜ፣ መልሱን አስቀድሜ ልንገርህ፣ ምክንያቱ ይከተላል። እናትህ ስትሄድ ከቦሌ እስከ ዋሽንግተን 17 ሰዓት ነው። ስትመለስ 13 ሰዓት። ያየሃቸው ሦስቱ የርቀት ቁጥሮች ሦስቱም ልክ ናቸው። 9 ሰዓቱና 20 ሰዓቱ ግን ሁለቱም ስህተት ናቸው፤ በእነሱ ተነስተህ የመድኃኒት ሰዓት እንዳታወጣ።

እኔ የቢቸና ልጅ ነኝ። ሥራዬ ዲስፓቸር ነው። አውሮፕላን ከመነሳቱ በፊት በየት በኩል እንደሚሄድ፣ ስንት ነዳጅ እንደሚጭን፣ ስንት ሰዓት እንደሚፈጅበት አስልቶ ለአብራሪው የሚያስረክብ ሰው ማለት ነው። ዕድሜዬን የበላሁት አንተ የጠየቅከውን ጥያቄ በየቀኑ ስመልስ ነው። ስለዚህ ረዘም ካለብኝ ታገሠኝ።

የቁጥሮቹን ነገር ቶሎ እንለፈው። 11,560 ኪሎ ሜትር ነው። 7,185 መኪና ላይ የምናውቀው ተራው ማይል ነው፤ አንዱ 1.609 ኪሎ ሜትር። 6,240 ደግሞ ኖቲካል ማይል ነው፤ አንዱ 1.852 ኪሎ ሜትር። መርከበኛውም አብራሪውም የሚሠራው በዚህኛው ነው። ምክንያቱ ቀላል ነው። ምድርን ከላይ ወደ ታች በዲግሪ ስትከፍላት፣ አንዱን ዲግሪ ደግሞ ለ60 ስትከፍለው፣ አንዷ ቁራጭ አንድ ኖቲካል ማይል ትሆናለች። ከአዲስ አበባ እስከ ዋሽንግተን ያለው ቅስት 104 ዲግሪ ነው። 104 በ60 ብታባዛ 6,240። አየህ፣ ካርታና ርቀት በአንድ ቋንቋ ሲነጋገሩ። ስልክህ ላይ ቁጥር ስታይ ታዲያ ከጎኑ ያለችውን መለኪያ ሳታይ አትለፍ።

አሁን ወደ ርቀቱ እንምጣ፤ እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ትምህርት ቤት ግድግዳ ላይ የተሰቀለውን የዓለም ካርታ አስበው። አዲስ አበባ ላይና ዋሽንግተን ላይ ማስመሪያ ብታስቀምጥ መስመሩ ሰሐራን አቋርጦ፣ በምዕራብ አፍሪካ ዳርቻ ወጥቶ፣ አትላንቲክን ይሻገራል። አጭሩ መንገድ ያ ይመስላል። አይደለም። በዚያ መስመር ብትሄድ ወደ 12,090 ኪሎ ሜትር ነው፤ ከትክክለኛው አጭር መንገድ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ይረዝማል። ካርታው ብርቱካን ልጠህ ልጣጩን ጠረጴዛ ላይ እንደ መዘርጋት ነው። አንዱ ጋ ይቀደዳል፣ አንዱ ጋ ይለጠጣል። ከወገብ ወደ ሰሜን በሄድክ ቁጥር መለጠጡ ይብሳል።

በትክክል ለመለካት ሉል ያስፈልግሃል። እዚያው ፍኖተ ሰላም ካሉት ትምህርት ቤቶች አንዱ ጋ አይጠፋም። ከእናትህ እንዝርት አንድ ዘለላ ፈትል ውሰድ፣ አንዱን ጫፍ አዲስ አበባ ላይ ያዝ፣ ሌላውን ዋሽንግተን ላይ አድርግና ወጠር አድርገው። ፈትሉ ራሱ አጭሩን መንገድ ይፈልጋል። አቅጣጫውን ስታይ ትገረማለህ። ወደ ምዕራብ አይሄድም፤ ከአዲስ አበባ ወደ ሰሜን ምዕራብ ይወጣል። ሱዳንን፣ ሊቢያን፣ የአልጄሪያን ሰሜን፣ እስፔንና ፖርቱጋልን አልፎ ነው አትላንቲክ ላይ የሚገባው። ሉሉ ከጎን እስከ ጎን 30 ሴንቲ ሜትር ከሆነ አንዱ ሴንቲ ሜትር 425 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ፈትሉን አውርደህ ማስመሪያ ላይ ስትዘረጋው 27 ሴንቲ ሜትር ከትንሽ ያሳይሃል። አባዛው። እኔ ኮምፒውተር ላይ ከማገኘው ብዙም አትርቅም። ለተማሪዎች ሁልጊዜ ይህን አሠራቸዋለሁ፤ ፎርሙላውን ከሚሸመድዱ አንድ ጊዜ በእጃቸው ፈትል ቢወጥሩ ይሻላል።

ፎርሙላውንም ለምትወድ ይኸው። የሁለቱን ከተሞች ኬክሮስና ኬንትሮስ ያዝ። ቦሌ 8.98 ሰሜን፣ 38.80 ምሥራቅ ነው። የዋሽንግተኑ ደለስ ኤርፖርት 38.94 ሰሜን፣ 77.46 ምዕራብ ነው። አንዱ ምሥራቅ፣ ሌላው ምዕራብ ስለሆነ ኬንትሮሶቹን ደምር፤ 116.26 ይመጣል። ከዚያ የሁለቱን ኬክሮሶች ሳይን አባዛ። ለብቻው የሁለቱን ኬክሮሶች ኮሳይንና የ116.26ን ኮሳይን ሦስቱን አባዛ። ሁለቱን ውጤት ደምር። የድምሩን ተገላቢጦሽ ኮሳይን ስታወጣ 104 ዲግሪ ታገኛለህ። በ111.2 አባዛው፤ ኪሎ ሜትር ሆነ። ከኬክሮስና ኬንትሮስ የሚለካ የስልክ ፕሮግራም በመሠረቱ የሚሠራው ይህንኑ ነው።

ግን ልብ በል። ይህ ርቀት ማንም የማይበርበት ርቀት ነው። አውሮፕላን በተመደበለት የአየር መስመር ነው የሚሄደው። አንዳንዱ ሰማይ ይዘጋል። የሱዳን ሰማይ በሚያዝያ 2015 ጦርነቱ ሲነሳ ለመንገደኛ አውሮፕላኖች ተዘጋና በላዩ ያልፉ የነበሩት ሁሉ መዞር ግድ ሆነባቸው። ፈትልህ የሚያልፈው ደግሞ በእሱው ላይ ነው። ስለዚህ 11,560 ከዚያ በታች መውረድ የማይቻልበት ወለል ነው እንጂ አውሮፕላኑ የሚሄደው መንገድ አይደለም።

ይህን ለጎጃም ሰው ማስረዳት ደግሞ ቀላል ነው፤ ዓባይ በረሃን የማያውቅ የለማ። ከደጀን እስከ ጎሃ ጽዮን ለወፍ ከ20 ኪሎ ሜትር ብዙም አይበልጥም። ከደጀን ጫፍ ቆመህ ማዶውን ታየዋለህ። መንገዱ ግን ቁልቁል ተጠማዝዞ ወርዶ፣ ድልድዩን ተሻግሮ፣ እንደገና ዳገቱን ሲወጣ 40 ኪሎ ሜትር ይሆናል፤ እጥፍ። ሰዓቱ ደግሞ ከእጥፍም ያልፋል። ሜዳ ላይ 40 ኪሎ ሜትር የሚያበር ሾፌር እዚያ ፍሬን እየያዘ፣ ከጫነ ከባድ መኪና ኋላ እየተጎተተ ነው የሚሄደው። ሦስት የተለያዩ ነገሮች ናቸው እንግዲህ፤ የወፍ ርቀት፣ የመንገዱ ርዝመትና የሚፈጀው ሰዓት። አንተ ከአንደኛው ተነስተህ ሦስተኛውን ልታገኝ ፈለግህ፤ መሃሉ ላይ ያለው በረሃ ነው ያልታየህ።

አያቴ ርቀትን በኪሎ ሜትር ነግሮኝ አያውቅም። «የአንድ ቀን መንገድ ነው» ይላል። «ጎህ ሲቀድ ከተነሳህ ለምሳ ትደርሳለህ» ይላል። እና ሁልጊዜ አንድ ነገር ያክልበታል፤ «ክረምት ከሆነ ግን ሁለት ቀን ነው።» ወንዙ ይሞላል፣ ጭቃው ይይዛል። ልጅ ሆኜ የአንድ ቦታ ርቀት እንዴት በወቅት ይለዋወጣል ብዬ እገረም ነበር። ይህን ሥራ ስጀምር ነው የገባኝ። ዛሬ የማወጣው የበረራ ዕቅድ አያቴ ይለው የነበረው ነው። መንገዱ ያው፣ ወቅቱ ሲለወጥ ሰዓቱ ይለወጣል። በእኛ ሥራ የወንዙን ቦታ የያዘው ነፋስ ነው።

ስለ ነፋሱ ልንገርህ። ከ9 እስከ 12 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ፣ በተለይ ከአውሮፓ እስከ አሜሪካ ባለው የሰማይ ክፍል፣ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚነፍስ ኃይለኛ የነፋስ ወንዝ አለ። ጄት ስትሪም ይሉታል። ፍጥነቱ በሰዓት ከ100 እስከ 200 ኪሎ ሜትር መሆኑ የተለመደ ነው፤ አንዳንዴም ያልፋል። በፈረንጆቹ ክረምት፣ ማለትም በእኛ ታኅሣሥና ጥር፣ ይበረታል፤ ያን ጊዜ በሰሜኑ ቅዝቃዜና በወገብ አካባቢ ባለው ሙቀት መካከል ያለው ልዩነት ይሰፋልና። እናትህ የምትሄደው በዚያው ሰሞን ነው፣ ያውም ነፋሱን ፊት ለፊት እየገፋች።

ቀላል ስሌት እንሥራ። ትልልቆቹ አውሮፕላኖች ከፍታቸውን ከያዙ በኋላ በሰዓት 900 ኪሎ ሜትር ያህል ይሄዳሉ። 11,560 ለ900 ሲካፈል 12 ሰዓት ከ51 ደቂቃ ነው። ለመውጣት፣ ለመውረድና መሬት ላይ ለመንዳት ግማሽ ሰዓት ጨምርበት፤ 13 ሰዓት ከ20 ሆነ። ስልክህ የሰጠህ ቁጥር የመጣው ከዚህ ነው። ነፋስ የሌለበት፣ ሰማይ ያልተዘጋበት፣ የትም የማያርፍ በረራ ነው። ስሌቱ አልተሳሳተም፤ ግን የእናትህ በረራ አይደለም። አሁን ነፋስ ጨምርበት። በአማካይ 60 ኪሎ ሜትር ከኋላ ቢገፋ 12 ሰዓት ከ2 ደቂቃ በአየር ላይ። ያው 60 ከፊት ቢመጣ 13 ሰዓት ከ46። በአንድ መንገድ ላይ አንድ ሰዓት ከ44 ደቂቃ ልዩነት! ጣና ላይ በታንኳ ከባሕር ዳር ወደ ዘጌ የቀዘፈ ሰው ይህ አይገርመውም፤ ነፋስ ከኋላ ሲሆንና ከፊት ሲሆን መቅዘፊያው እኩል እንደማይከብድ ክንዱ ያውቀዋል።

አንድ የማልወደው ማብራሪያ አለ፤ በየታክሲው የምሰማው። «ሲሄዱና ሲመለሱ ሰዓቱ የሚለያየው ምድር ስለምትዞር ነው» ይባላል። አይደለም። ምድር የምትዞረው ወደ ምሥራቅ ነው። አባባሉ እውነት ቢሆን ኖሮ ዋሽንግተን ራሷ ወደ እኛ እየመጣች ነውና ወደ ምዕራብ መሄድ ፈጣን በሆነ ነበር። የሆነው ግን ተቃራኒው ነው። አየሩም ከመሬቱ ጋር አብሮ ይዞራል፣ አውሮፕላኑም በአየሩ ውስጥ ነው። ከቡሬ ወደ ኮሶበር የሚሄድ አውቶቡስ ውስጥ የገባች ዝንብ ከኋላ ወንበር ወደ ፊት ስትበር የአውቶቡሱ ፍጥነት እንደማያስቸግራት ማለት ነው። ልዩነቱን የሚያመጣው ነፋሱ ነው። እና በዚህ መስመር ላይ ሌላ አንድ ትልቅ ነገር አለ፤ እሱም ቦሌ ነው።

ቦሌ ከባሕር ጠለል በላይ 2,330 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ነው። እዚያ ያለው አየር ባሕር ዳርቻ ካለው አየር በአምስተኛ ያህል ይሳሳል። ሳሳ ማለት ሞተሩ የሚስበው አየር አነሰ ማለት ነው፤ ጉልበቱ ይቀንሳል። ክንፉም የሚደገፍበት አየር ስለሚያንስ አውሮፕላኑ ለመነሳት የበለጠ ፍጥነት ይፈልጋል። ያ ሁሉ ተደምሮ ከቦሌ ሲነሳ መጫን የሚችለው ክብደት ይወሰናል። ሰውና ሻንጣ ሞልቶ፣ ለ14 እና 15 ሰዓት የሚበቃ ነዳጅ ጨምሮ መነሳት ይከብደዋል። ስለዚህ ቀለል ባለ ነዳጅ ይነሳና መንገድ ላይ አርፎ ይሞላል። የማረፊያው ከተማ በየጊዜው ይለወጣል፤ የአየርላንዷ ደብሊን የሆነችበት ዘመን አለ። ደብሊንን ምሳሌ ካደረግን በእሷ በኩል ርቀቱ ወደ 11,830 ኪሎ ሜትር ነው፤ ከቀጥታው የሚበልጠው በ270 ገደማ ብቻ ነው። ሰዓቱን የሚበላው ርቀቱ ሳይሆን መውረዱ፣ አንድ ሰዓት ወይም ከዚያ በላይ ቆሞ መቅዳቱና እንደገና መውጣቱ ነው። ደለስ ደግሞ ከባሕር ጠለል በላይ 100 ሜትር እንኳ አይሞላም። ወፍራም አየር ነው። አውሮፕላኑ ነዳጁን ጢም አድርጎ ይነሳል፣ ነፋሱም ከኋላው ነው፣ ሳያርፍ አዲስ አበባ ይገባል። ይኸው ነው፤ 17 እና 13።

እናትህ ማረፊያው ላይ ደርሳ «ደረስን» ብላ ሻንጣዋን ይዛ እንዳትነሳ አስቀድማችሁ ንገሯት። ነዳጅ ለመቅዳት ሲቆም ብዙ ጊዜ የዋሽንግተን ተሳፋሪ ከወንበሩ አይነሳም። እንግሊዝኛ የማይሰሙ እናቶች እዚህ ላይ ይደናገጣሉ። በአማርኛም ይነገራል፤ ግን እንቅልፍ ላይ ልትሆን ትችላለች።

አሁን ወደ ዋናው ስህተትህ እንምጣ፤ ወደ 9 እና 20 ሰዓቱ። ትኬት ላይ የሚጻፈው መነሻ የመነሻው ከተማ ሰዓት ነው። መድረሻው የመድረሻው ከተማ ሰዓት ነው። ሁለቱን ዝም ብሎ መቀናነስ በቆሎን ከጤፍ እንደ መቀነስ ነው፤ መጀመሪያ አንድ ዓይነት ማድረግ አለብህ። በታኅሣሥ ዋሽንግተን ከእኛ በ8 ሰዓት ወደ ኋላ ናት። በሚያዝያ ግን በ7 ሰዓት ብቻ ነው፤ አሜሪካኖች በማርች ሁለተኛው እሑድ ሰዓታቸውን አንድ ሰዓት ወደ ፊት ይገፋሉ፣ በኖቬምበር የመጀመሪያው እሑድ ይመልሱታል። ለዚህ ነው የትኬቱን ወር ሳላይ መልስ የማልሰጠው።

ሁሉንም ወደ ፍኖተ ሰላም ሰዓት እንመልሰው። በእኛው አቆጣጠር እንሥራ፣ ለእናትህም ለመንገር ይቀልሃል። 22:30 ማለት ከምሽቱ 4:30 ነው፤ ትነሳለች። ዋሽንግተን 07:30 ስትገባ 8 ሰዓት ጨምር፤ 15:30፣ በእኛ ከቀኑ 9:30። ከምሽቱ 4:30 እስከ ጠዋቱ 4:30፣ 12 ሰዓት። ከዚያ እስከ ቀኑ 9:30፣ 5 ሰዓት። 17። ስትመለስ ዋሽንግተን 11:00 ላይ 7 ጨምር፤ 18:00፣ በእኛ ከምሽቱ 12 ሰዓት። አዲስ አበባ የምትገባው 07:00፣ ከጠዋቱ 1 ሰዓት። ከምሽቱ 12 እስከ ጠዋቱ 1፣ 13 ሰዓት። አለቀ።

ስለዚህ ከሁሉ በላይ የምመክርህ ይህን ነው። የእናትህን የእጅ ሰዓት አትንኩባት። እህትህ ቤት እስክትገባ ድረስ የፍኖተ ሰላምን ሰዓት እንደያዘ ይቆይ። መድኃኒቷን ጠዋት 1 ሰዓት የምትወስድ ከሆነ በሰዓቷ ጠዋት 1 ሲል ትውሰድ፣ ውጭው ጨለማ ቢሆንም። ጨለማ ይሆናልም። ወደ ምዕራብ ሲበር ከሌሊቱ ጋር አብሮ ነው የሚሮጠው፤ በታኅሣሥ ደግሞ የሰሜኑ ሌሊት ረጅም ነው። የ17 ሰዓቱን አብዛኛውን ክፍል በመስኮት ጨለማ ነው የምታየው። «ምነው አልነጋም?» ብላ እንዳትጨነቅ፣ መድኃኒቱም «ጠዋት ሲሆን» ተብሎ ከተነገራት እንዳታሳልፈው። ዋሽንግተን ከገባች በኋላ ወደዚያው ሰዓት እንዴት እንደምትቀይር፣ በተለይ ኢንሱሊን ከሆነ፣ ከመሄዷ በፊት ሐኪሟን ትኬቱን አሳይታችሁ ጠይቁ። 17 ሰዓት የሚለውን ንገሩት፤ 9 ወይም 13 እንዳትሉት። መድኃኒቱ ደግሞ በእጅ ሻንጣ ነው የሚያዘው። ኢንሱሊን ከታች በሚጫነው ሻንጣ ውስጥ በረዶ እስኪሆን ሊቀዘቅዝና ሊበላሽ ይችላል።

ምግቡንም አስቡበት። ታኅሣሥ የነቢያት ጾም ነው። እናትህ የምትጾም ከሆነ የጾም ምግብ አስቀድሞ ይታዘዛል፤ ትኬቱን የቆረጠላችሁን ሰው ቢያንስ ከ24 ሰዓት በፊት አስመዝግብ በሉት። የስኳር ሕመምተኛ ሆና፣ የቀረበው የፍስክ ነው ብላ ሳትበላ 17 ሰዓት እንድትቆይ አልፈልግም።

የባሕር ዳሩን በረራ አልረሳሁትም። ከባሕር ዳር እስከ ቦሌ በአየር 334 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ በመኪና በደብረ ማርቆስ በኩል ከ550 ያልፋል። አውሮፕላኑ በሙሉ ፍጥነቱ ቢሄድ ከ40 ደቂቃ በታች ይበቃዋል። ትኬቱ ግን አንድ ሰዓት ያህል ይላል። መውጣት፣ መውረድና መሬት ላይ መንዳት የሚወስደው ግማሽ ሰዓት ለአጭርም ለረጅምም በረራ ያው ነው። ረጅሙ ላይ ይጠፋል፣ አጭሩ ላይ ይገናል። ለዚህ ነው በአጭር በረራ ርቀትን ለፍጥነት አካፍሎ ሰዓት ማውጣት የማይሠራው።

አንድ ሌላ ነገር፤ ይህን የምለው በቤተሰቤ ስለደረሰ ነው። አጎቴ ቅዳሜ 00:45 የሚነሳ ትኬት ነበረው። በእኛ ከሌሊቱ 6:45 ነው። ቤተሰቡ «ቅዳሜ ሌሊት» ብሎ ተረዳው። ቅዳሜ ቀኑን ሲሸኙት ውለው ማታ ኤርፖርት ሲደርሱ አውሮፕላኑ ከሄደ አንድ ቀን ሊሆነው ነበር። ለእኛ ከዓርብ ቀጥሎ ያለው ሌሊት እስኪነጋ የዓርብ ሌሊት ነው። በትኬት አቆጣጠር ግን ቀኑ እኩለ ሌሊት ላይ ይለወጣል። አጎቴ ያን ምሽት ወንበር ላይ ቁጭ ብሎ ምንም ሳይናገር መሬት መሬት ሲያይ አሁንም በዓይኔ አለ። የእናትህ 22:30 ስለሆነ ከዚህ ትተርፋለች። ግን በረራው ቢቀየርና ከ00 ወይም ከ01 የሚጀምር ሰዓት ብታይ አንድ ማታ ቀደም ብላችሁ እዚያ መገኘት እንዳለባችሁ ያዝ። ወሩንም አብረህ አረጋግጥ። ትኬቱ ዲሴምበር 15፣ 2025 ቢል በእኛ ታኅሣሥ 6፣ 2018 ነው እንጂ 15 አይደለም።

በመጨረሻ ሙሉውን ጉዞ ደምርልኝ፤ ምክንያቱም የእናትህ ጉልበት የሚያውቀው የአውሮፕላኑን ሰዓት ብቻ አይደለም። ከፍኖተ ሰላም ባሕር ዳር ከ170 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፣ በቡሬ፣ በኮሶበር፣ በዳንግላ። እያረፋችሁ ከሄዳችሁ 4 ሰዓት በለው። ባሕር ዳር ኤርፖርት ሁለት ሰዓት ቀድሞ መገኘት፣ 2። በረራው 1። ቦሌ ላይ ጥበቃው 6 ይሁን። ከዚያ 17። ደለስ ላይ ፓስፖርትና ሻንጣ 2። ኤርፖርቱ ከዋሽንግተን መሃል 40 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚርቅ እስከ እህትህ ቤት 1። 33 ሰዓት ሆነ። ርቀቱን ስትጠይቅ 6,240 ያለህም፣ 11,560 ያለህም ይህን አልነገረህም። እኔ ብሆን አንድ ቀን ቀድሜ ባሕር ዳር አስገብቼ አሳድራታለሁ። መንገዱም እንዳለበት ሁኔታ ነውና፣ በበረራው ቀን ጠዋት ከፍኖተ ሰላም መነሳት አልመክርም።

አውሮፕላን ውስጥ በመተላለፊያው በኩል ያለ ወንበር ያዙላት። በየሁለት ሰዓቱ ተነስታ ትንሽ ትራመድ፣ ውኃ ትጠጣ፣ እግሯን ታንቀሳቅስ። እና ቦሌ ላይ የዊልቸር አገልግሎት አስመዝግቡ። መራመድ ብትችልም አስመዝግቡ። የሚገፋት ሰው መንገዱንም መስመሩንም ስለሚያውቀው እንዳትጠፋ ይረዳታል። ለእህትህ ደግሞ «አውሮፕላኑ 07:30 ያርፋል፤ አንቺ ግን እማዬን በሩ ላይ የምታገኛት ወደ 09:30 ነው» በላት፤ በእነሱ ሰዓት።